ዘጠኝ ግራም ትርፍ

የአሚኔ የጥርስ ብሩሽ እጀታው ግማሽ ብቻ መሆኑን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው። ስንት ጠዋት እዚያው ኩባያ ውስጥ፣ ከእኔና ከአባቷ ብሩሽ መሀል አንገቱን ብቻ ብቅ አድርጎ ሳየው ከርሜያለሁ። ሰው ዘወትር የሚያየውን አያይም። ሐሙስ ጠዋት ኩባያውን ላጥብ ብዬ ሳነሳው ነው ብሩሹ በመዳፌ ውስጥ ጠፍቶ የቀረው።

አይጥ በልቶት ይሆናል ብዬ ወደ ብርሃን ወሰድኩት። የአይጥ ሥራ አልነበረም። በቢላዋ ተቆርጧል፤ ጫፉም እንዳይወጋ በእሳት ተለብልቧል። የሆነ ሰው አስቦበታል።

ጤነኛ ልጅ ደህና ብሩሽ ለምን ትቆርጣለች? ይህን እያሰብኩ ሳለ ድርቆሹ ትዝ አለኝ። ባለፈው ሳምንት የተረፈውን እንጀራ ቆራርጣ ቆርቆሮው ላይ ማዳበሪያ ዘርግታ ስታደርቅ አይቼ፣ ልጄ ባለሙያ ሆነችልኝ ብዬ ነበር። እኛ ሰፈር ድርቆሽ ለማን እንደሚደርቅ የማያውቅ የለም። ጅዳ ላለ፣ ቤይሩት ላለ፣ ደቡብ አፍሪካ ላለ ነው። ከእኛ ቤት የሄደች አንዲት ሰው ናት፤ እሷም የት እንዳለች ስለማናውቅ ድርቆሽ ልከንላት አናውቅም።

አሚኔ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው የስልክ መጠገኛ ቤት ለሥራ እንደሄደች ሳጥኗን ከፈትኩት። ከሻርፖቿ ሥር አዲስ የጀርባ ቦርሳ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ቦርሳው ውስጥ በፎጣ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ነገር አገኘሁ፤ ከስልክ ትንሽ ይሰፋል፣ ፊቱ እንደ መስተዋት ያብለጨልጫል። በነጠላዬ ሸፍኜ ብርቄ ዘንድ ይዤው ሄድኩ።

ብርቄ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት። ባሏ ከጎጃም መጥቶ ቡታጅራ ሲያስተምር ያረጀ መምህር ነው። የከተማውን ወሬ ከእኛ ከተወላጆቹ ይበልጥ የምታውቀው እሷ ናት።

«ይሄ ምንድን ነው ብርቄ?»

ገለባበጠችው። አንዱን ቁልፍ ስትጫነው ሰማያዊ መብራት በራና ዜሮ ጻፈ።

«ሚዛን ነው እንጂ! የወርቅ ቤት ሚዛን።» ወዲያው ቀለበቷን አውልቃ ጣል አደረገችበት። «ሁለት! እዪልኝ፣ ሁለት ግራም! ይሄ ሰውዬ አራት ነው ብሎ አይደል እንዴ ያገባኝ!»

«ቀልዱን ተዪው። ከአሚኔ ሳጥን ነው ያወጣሁት።»

ቀለበቷን ቀስ ብላ አነሳች። «እኔ መቼም ክፉ አላወራም» አለች። ብርቄ ክፉ ልታወራ ስትል እንዲህ ነው የምትጀምረው። «ግን በእንዲህ ያለ ሚዛን ቅጠል የሚቸረችሩ ልጆች ተይዘው በቴሌቪዥን አይቻለሁ።»

«ሀሺሽ?»

«ከእኔ አፍ አልወጣም። አንቺ ነሽ ያልሽው።»

አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ሀሺሽ በሆነ ብዬ ተመኘሁ። እስር ቤት ስንቅ ይገባል። በረሃ ግን ስንቅ የሚያደርስ የለም።

ታናሽ እህቴ ሃሊማ የሄደችው በረሃውን አቋርጣ ነው። ደላላው ከአምስት ኪሎ በላይ የያዘች አትከተለኝ ብሏቸው ነበር። እናታችን ጥቅሏን አልጋ ሥር ስታገኘው ጮኸች፣ ሰደበቻት፣ ጎረቤት ሰበሰበችባት። ሃሊማ ወልቂጤ የቤት ሥራ አግኝቼ ነው ብላ ብቻ ተኛች። ለሱብሒ ሶላት ስንነሳ ፍራሿ ባዶ ነበር። ከባሕሩ ዳር አንዴ ደወለች። «ጓዜን ሁሉ መንገድ ላይ ጥያለሁ ዘይባ፤ የምሸጠው ነገር እንኳ አልቀረኝም» አለችኝ። ድምጿን ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም።

ስለዚህ አልጮህኩም። ሚዛኑን በፎጣው ጠቅልዬ እንደነበረ መለስኩት።

ባሌ ሙሀመድአወል በርበሬ ነጋዴ ነው። ለምሳ ሲመጣ እጁን ሳይታጠብ ያዝኩት።

«ልጅህ ሚዛን ገዝታለች።»

«እሰይ! ወንድ ልጅ የለኝም ስል ወራሽ ወጣልኝ።»

«ትንሽዬ ሚዛን ናት። ደብቃታለች።»

«ሚዛን የያዘ ሁሉ ከተጠረጠረ ገበያው በሙሉ ይታሰራ!»

«ድርቆሹስ? ብሩሹስ? ሃሊማም እኮ...»

ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «የሃሊማን ነገር በልጄ ላይ አታንሺ» አለና ወደ ውሃው ሄደ። እሱም ፈርቷል አልኩ በልቤ። ያልፈራ ሰው እንዲህ አይቆጣም።

ከአሱር ሶላት በኋላ አሚኔ ከሥራ መጥታ ክፍሏ ገባች። በሩን ገርበብ እንጂ ግጥም አላደረገችውም። ልብስ የማጥፍ መስዬ ግድግዳው ሥር ቆምኩ። ሚዛኑን ወለሉ ላይ አድርጋ ዕቃዋን አንድ በአንድ ትጭንበታለች፦ ካልሲ፣ የእጅ ባትሪ፣ የፕላስቲክ ማንኪያ፣ ሳሙና። ሳሙናውንም ገምሳዋለች። ስልኳ አጠገቧ ተከፍቶ የወንድ ድምፅ ይወጣል።

«ስንት ደረሰ?»

«ስድስት ኪሎ ከሁለት መቶ።»

«ይበዛል። ከስድስት በላይ የያዘ ከእኔ ጋር አይሄድም። መንገድ ላይ የሚሸከምልሽ የለም፣ ቀድሜ ተናግሬያለሁ።»

«ሹራቡን ባወጣውስ ፊልጶስ?»

«ሹራቡን እንዳትነኪ! ሌሊት ድርቅ ብለሽ ትቀሪያለሽ። እናትሽ አወቁ?»

«ኧረ! ካወቀችማ ከአልጋው ጋር ነው የምታስረኝ።»

«በይ እንግዲያው ቅዳሜ ሲነጋጋ መናኸሪያ።»

የታጠፈውን ልብስ ይዤ መሬት ቁጭ አልኩ። ደላላው ስም አለው፤ ፊልጶስ። ቀንም ተቆርጧል።

ቤታችን ከኢሻ በኋላ በሩን የምቆልፈው እኔ ነኝ። ሃሊማ ከሄደች ጀምሮ ቁልፉ የሚያድረው ትራሴ ሥር ነው። ያን ምሽት ቆልፌ ስተኛ ግን ቁልፍ ማንን ይዞ ያውቃል እያልኩ አሰብኩ። ብጮህባት እንደ ሃሊማ ዛሬውኑ ትሄዳለች። ዝም ብል ቅዳሜ ትሄዳለች። ሁለቱም መንገድ ወደ አንድ ቦታ ነው የሚወስደው፤ የእኔ ድርሻ ባዶ እጇን እንዳትሄድ ማድረግ ብቻ ነው።

አርብ ስትወጣ ጠብቄ ቦርሳውን ጭኔ ላይ አደረግኩት። ሙሀመድአወል ስንጋባ ለመህር የሰጠኝን የጆሮ ወርቅ አወለቅኩ። በቁራጭ ጨርቅ ላይ ጥቁር አዝሙድ ዘገንኩና ወርቁን ከመሀሉ አድርጌ ቋጠርኩት። ከዚያ የማንገቻውን ስፌት ፈታሁ፣ ቋጠሮውን ስፖንጁ ውስጥ ቀበርኩ፣ መልሼ ሰፋሁት። ክሩን እንኳ ከቦርሳው ቀለም ጋር አመሳስያለሁ። የትም ብትቀር የምትሸጠው ነገር አላት፤ አዝሙዱ ደግሞ ከዓይን ይጠብቃታል። ጆሮዬ ባዶ መሆኑ እንዳይታይ ሻርፔን ወደ ፊት ሳብኩ።

መግሪብ ሰግደን ሙሀመድአወል ገና ከመስገጃው ሳይነሳ አሚኔ ከክፍሏ ወጣች። በአንድ እጇ ቦርሳውን፣ በሌላው ምላጭ ይዛለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ቦርሳዬን ማን ነካው?»

«የቱን ቦርሳ?» አልኩ።

«ድምሩ አልገጥም ብሎኝ ባዶውን መዘንኩት። ትናንት ስምንት መቶ አርባ ነበር። ዛሬ ስምንት መቶ አርባ ዘጠኝ ሆኗል።»

«ዘጠኝ ግራም ምን አላት? ዝንብ አርፎበት ይሆናል።»

«ዝንብ ወርቅ አያደርግም እማ!»

መዳፏን ዘረጋች። የጆሮ ወርቆቼ በአዝሙድ ተለውሰው ተቀምጠዋል። «እኔ እኮ የሆነ ሰው የማላውቀውን ዕቃ ሊያሸክመኝ ነው ብዬ ልቤ ቀጥ አለ! ፊልጶስን ነበር የጠረጠርኩት፤ ደውዬ ልሰድበው ነበር!»

«ስደቢው» አልኩ። ከዚያ በኋላ ምላሴን መያዝ አልቻልኩም። «ስደቢው! ስንት ሴት ልጅ በልቷል? በየት በኩል ነው የሚወስድሽ? በጅቡቲ ነው? በሞያሌ? ወርቁን እዚያ ስትቸገሪ ትሸጭዋለሽ ብዬ ነው። ሃሊማ እንኳ...»

«ሞያሌ?» አለች አሚኔ። ወደ አባቷ ዞረች። «አባ፣ ምን እያለች ነው?»

«ልትጠፊ ነው እያለች ነው» አለ ሙሀመድአወል ከመስገጃው ላይ። ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር። «ልትጠፊ ነው ወይ?»

ልጄ ምላጩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ፊልጶስ ሰዎችን ዘቢዳር ተራራ የሚያስወጣ አስጎብኚ ነው አለች። ስልኩን ሊያስጠግን መጥቶ ነው የተዋወቁት። እንግዶች ሲመጡለት ተራራው ላይ የምታበስልለት ሴት ይፈልጋል። ነገ ራሱን ጨምሮ ስድስት ሆነው ይወጣሉ፤ ሁለት ሌሊት አድረው ሰኞ ይመለሳሉ። ጭነቷን ራሷ ተሸክማ ምግቡን ካሳመረች ሥራው የእሷ ነው።

«ለምን ደበቅሽኝ?»

«ብነግርሽ ምን ትዪ ነበር?»

«ጅብ አለ እል ነበር። ገደል አለ። ብርድ አለ። ወንዶች አሉ።»

«ይኸው!»

«ተራራ ለመውጣት የጥርስ ብሩሽ ይቆረጣል?»

አፈረች። «እሱ... ስልክ ላይ አይቼ ነው። ፈረንጆች ሸክም ለማቅለል ይቆርጡታል።»

«ስንት ቀለለልሽ?» አላት አባቷ።

«ስድስት ግራም።»

«ስድስት ግራም!» ሙሀመድአወል እስኪያስለው ሳቀ። «በርበሬ ስመዝን በማስነጠስ ብቻ ከዚህ የበለጠ ይበንብኛል!»

እኔ አልሳቅኩም። ሃሊማም ወልቂጤ የቤት ሥራ አገኘሁ ብላ ነበር። ተራራ ጥሩ ውሸት ነው፤ ከደጃችን ቀና ሲሉ ይታያል።

«ምግቡን አምጪው» አልኳት።

«የምን ምግብ?»

«የምታበስይላቸውን። ሁሉንም።»

አምጥታ ምንጣፉ ላይ ደረደረችው። ድርቆሹ በላስቲክ ተከፋፍሏል። በርበሬና ቅመም ከገባበት ሽሮ ጋር ደረቅ ሽንኩርት ተደባልቋል። በቅቤ የሚለወሰው የገብስ ጭኮ ለመንገድ እንዲመች ተድቦልቡሎ በፌስታል ተቋጥሯል። ለኢድ ከገዛነው ቅቤ ግማሹ የት እንደገባ ያኔ ገባኝ። እያንዳንዱን ሚዛኑ ላይ እያስቀመጠች ቁጥሩን ታነብልኛለች። እኔ ግራም አላውቅም፤ እጄ ነው የሚያውቀው። ሽሮውን አንስቼ መዘንኩት፤ ለስድስት ሰው ሁለት ድስት ይወጣዋል፣ ከዚያ አያልፍም። ድርቆሹም ለሁለት ማታ ነው። በረሃ የምትገባ ልጅ የሚበቃትን ያህል ትይዛለች እንጂ ለስድስት አፍ አታካፍልም። ይህ ልክ ነው። ግን ደላላውም ስድስት ሴቶች ሊኖሩት ይችላል አልኩ በልቤ።

ከጭኮው ቋጠሮዎች ጥቂቶቹ ቀይ ክር ታስሮባቸዋል። አንዱን ፈትቼ አሸተትኩት።

«ይሄ ቅቤ የለውም።»

«በዘይት ነው የለወስኩት።»

«ቅቤ አለቀብሽ?»

«ሁዳዴ ነው እኮ እማ። ፊልጶስ ይጾማል፤ አንዲት ከአዲስ አበባ የምትመጣ ልጅም ትጾማለች። እንዳይቀላቀልብኝ ብዬ ክር አሰርኩበት። ማንኪያቸውንም ለብቻ ይዣለሁ።»

ቋጠሮውን መልሼ በቀዩ ክር አሰርኩት። ደላላ ማን እንደሚጾም አይጠይቅም። ሃሊማን የወሰዳት ሰው ምን እንደምትበላ፣ ምን እንደማትበላ ግድ አልነበረውም። ልጄ ግን ለማታውቃት ለአንዲት ጾመኛ ቀይ ክር አስራለች።

ከሽሮው ቆንጥሬ ቀመስኩ። «ጨው ያንሰዋል።»

«በግራም ነው የለካሁት!»

«የደከመ ሰው ጨው ያምረዋል። ስትወጪ ይገባሻል።» በጣቶቼ ጨመርኩበት። ሚዛኑን አየችና ሽሮውን መልሳ ቋጠረችው።

ከዚያ ወርቁን ከአዝሙዱ ለይታ መዘነችው። ስድስት ግራም ነበር። አዝሙዱ ከነጨርቁ ሦስት።

«ስድስት?» አለ ሙሀመድአወል። «ታዲያ ምን ቀረ? የብሩሹን እጀታ በወርቅ ለወጥሻት ማለት ነው። ትውሰደው።»

«ጫካ ውስጥ ጥዬው ስትለቅሱ ልኑር?» አለች አሚኔ። ተነስታ ሻርፔን ወደ ኋላ ገፋችና ጆሮዬ ላይ ራሷ አደረገችልኝ። እጇ ቀዝቃዛ ነበር። «አዝሙዱ ግን ይሂድ። ሦስት ግራም ነው፤ ፊልጶስ አያውቅም።»

«የሱን ስልክ ቁጥር ትሰጪኛለሽ።»

«እሰጥሻለሁ።»

«ነገ መናኸሪያ ድረስ አባትሽ ይሸኝሻል። መኪናውንም ያየዋል።»

«እሺ እማ።»

«ሰውዬውንም ያየዋል።»

«እሺ አልኩ እኮ!»

አሁንም ሙሉ በሙሉ አምኛታለሁ ማለት አይደለም። ተራራ ላይም ጅብ አለ፣ ገደልም አለ፤ ሰኞ እስኪደርስም ብዙ ነው። ኢሻ ሰግደን ስንጨርስ እንደ ልማዴ ቁልፉን ይዤ ወደ በሩ ሄድኩ። ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች። ቁልፉ ትራሴ ሥር ካደረ ትቀሰቅሰኛለች። ካላደረ ደግሞ እንደ ሃሊማ ድምፅ ሳታሰማ መውጣት ትችላለች። በሩ ላይ እንደዚያ ቆሜ ስቀር ከኋላዬ መጣች።

«ምን ሆንሽ እማ?»

«ዛሬ አንቺ ቆልፊው» አልኳት።

«ቁልፉንስ?»

«እዚያው በሩ ላይ ተይው።»

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ከእጄ ወሰደችና ሁለት ጊዜ አዞረችው። ከዚያም እንዳልጠራጠር መያዣውን ይዛ በሩን ወደ ራሷ ሳበችው። ንቅንቅ አላለም።