የወይዘሮ አበዛሽ ክምር

«ለግቢው ነዋሪዎች በሙሉ! የቲማቲሙ ቅጠል ክምር መግማት ጀምሯል» ብለው ወይዘሮ አበዛሽ ቆመው አወጁ።

ከአገር ወጥተን የምንኖርበት፣ አምቡሊ ሰፈር ያለው ግቢያችን ጀርባ ግሪንሃውስ አላቸው። ከዚያ የነቀሉትን ግንድና ቅጠል አጥሩ ሥር ከምረው ብስባሽ ያዘጋጃሉ፤ ያለ ብስባሽ ይህ ጨዋማ አፈር ምንም አያበቅልላቸውም። ዘንድሮ ግን ክምሩ ገማ። አከራያችንም ሽታው እስከ ነገ ካልጠፋ ክምሩን አስጭኖ እንደሚያስጥለው ተናግሯል።

«ቅጠል ብቻውን እንዲህ አይገማም» አሉ አበዛሽ። «ሥጋ የሚጥልበት ሰው አለ።»

«በሁዳዴ?» ጎረቤታቸው ወለላ አማተበች። «እዚህ ግቢ የማይጾም ማን አለ?»

ሁሉም ቀስ ብሎ ወደ ጀንበሬ ዞረ። ጀንበሬ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ በጾም ነገር ሹፌርን የሚያምን የለም።

«ምን ታዩኛላችሁ? እኔ ከአዲስ አበባ የገባሁት ዛሬ ጠዋት ነው! በሉ አካፋ ስጡኝ፣ አገላብጬ እናያለን።»

አካፋውን በግራ በኩል ሊሰካ ሲል ወለላ ጮኸች። «በዚያ አይሆንም! ውስጡ ይፋጃል፣ እንፋሎቱ ይልጥሃል።»

ወደ ቀኝ ዞረ። የጽዋ ማኅበራችን ሰብሳቢ አቶ ጸሐዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እዚህም ቢሆን፣ ልጄ፣ ገና አልበሰለም።»

ጀንበሬ አካፋውን እንደያዘ ግራ ገብቶት ቆመ። ይሄኔ ድመቶች ከአጥሩ ወረዱ። አንዷ በግራ በኩል ቆፍራ የዶሮ ክንፍ አወጣች፤ ሌላዋ ከቀኝ በኩል አጥንት ጎትታ ሮጠች።

ወይዘሮ አበዛሽ ነጠላቸውን አስተካክለው ከክምሩ ጀርባ ሄደው ቆሙ። ሦስተኛዋ ድመት ተከትላቸው ሄደች፤ እግራቸው ሥርም መጫር ጀመረች።