የሙሉቀን ሳህን

ሽሮ ጠልቶ የወጣ ሽሮ ይናፍቀዋል። የእብናቱ ይሻውም እንዲያው ሆነ። ዩኒቨርሲቲው በካፌ ፈንታ የሚሰጠውን ብር ተቀብሎ «ነን ካፌ» የሆነው የካፌው ሽሮ አንገሽግሾት ነው፤ ወሩ ሳይጋመስ ግን ሽሮውም ብርቅ ሆነበት። እናቱ የላኩለትን በሶ ከጓደኛው ከደሳለኝ ጋር ጠራርገው ከጨረሱ ወዲያ፣ የሁለቱ ወጥ ቤት ተዝካር ሆነ።

ቅዳሜ ሲሆን ከደብረ ታቦር ዳር ወጥተው ዳስ ይፈልጋሉ። ዳስ ከተገኘ ከነዳያንና ከቆሎ ተማሪዎች ጎን ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ፣ «ነፍስ ይማር» ብሎ የደረሰውን መብላት ነው። ይህ አያሳፍርም፤ የተዝካር እህል ለመጣው ሁሉ ነው። የወዳጅና የዘመድ ቦታ ግን ቤት ውስጥ ነው። ሥጋውም ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ይወፍራል።

ያን ቅዳሜ ከጉና የወረደው ጉም አገሩን ሸፍኖት ነበርና ዳሱን ያገኙት በወጡ ሽታ ነው። ከጫፍ ተቀመጡ። የደረሳቸው ወጥ ሥጋ የሚባል አልዞረበትም።

«የማን ተዝካር ነው፣ አባባ?» አለ ይሻው አጠገቡ ያሉትን ሽማግሌ።

«የሙሉቀን ሙት ዓመት ነው። የፈንታነሽ አንድ ለናቱ። ሩቅ አገር ሲማር ታሞ ቀረ። ጓደኞቹን እንኳ እዚህ የሚያውቃቸው የለም።»

የይሻው ዓይን በራ። ደሳለኝ ነገሩ ገብቶት እጅጌውን ያዘው። «ተው! በሙት አይቀለድም።»

«ሙት መጥቶ አይመሰክርብኝ!» አለና ገባ።

እማማ ፈንታነሽ ጥቁር ለብሰው ከምሰሶው ሥር ተቀምጠዋል። ከጎናቸው አንድ ባዶ በርጩማ አለ፤ ፊቱ ሳህን ቀርቧል፤ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ ማንም አልተቀመጠበትም።

«የሙሉቀን ጓደኛ ነኝ፣ እማማ። አብረን ነበር የምንማር።»

እጁን ይዘው በርጩማው ላይ አስቀመጡት።

«እስቲ ንገረኝ፣ ልጄ። እዚያ ምን ይበላ ነበር?»

የተማሪ ምግብ ያው ነው ብሎ አሰበ ይሻው። «በሶ ነው የሚወድ። ስኳር አያስነካውም፤ በጨው ብቻ።»

«በጨው! እሰይ ልጄ!» ደረታቸውን ያዙ።

ሥጋው መጣ። ይሻው በግምቱ ኮርቶ ጎረሰ። «በግራው ነበር የሚበላ። ስንቀልድበት ይስቃል።»

«ግራኝ ነበር፣ እውነት ነው» አሉ የሙሉቀን አክስት ከወዲያ።

እዚህ ላይ ይሻው ደነገጠ። ይህን ሊል አላሰበም፤ አፉ ነው የተናገረው። ሲገባ እንዳይነቃበት ነበር የሚፈራው፤ አሁን ግን ነቅተውበት በዱላ ቢያባርሩት ወደደ። በዚህ አገር ማንም የማይበላውን ፈልጎ፣ ሆን ብሎ፣

«ድንች በስኳር ይበላ ነበር» አለ።

የሳቀ የለም። እማማ ቀስ ብለው ጠጋ አሉ። «ይህን የነገርነው ሰው የለም። ሲታመም ብቻ ነበር። በጄ አጎርሰው ነበር።»

ይሻው ሳህኑን ገፋ አደረገ። «እማማ፣ ዋሽቻለሁ! ሙሉቀንን አላውቀውም፤ ባይኔም አይቼው አላውቅ። ለሥጋው ብዬ ነው የገባሁ። ይማሩኝ።»

ዱላውን ጠበቀ። እማማ ግን ፈገግ አሉ፤ ዓመቱን ሙሉ ፈገግ ብለው አያውቁም ይባላል።

«ይኸው! ይኸው ነው ቀልዱ! ጠግቦ ሊነሳ ሲል ‹ልጅሽ አይደለሁም፣ መንገደኛ ነኝ፣ አላውቅሽም› ይለኝ ነበር።» ወጡን ጨልፈው ሳህኑ ላይ ጨመሩ። «ገና መች ጠገብክ? ብላ።»

ከደጅ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ደሳለኝ ተጣራ። «ይሻው! ኧረ ይሻው!»

«ማንን ነው የሚጠራ?» አሉ እማማ።

ልጁ ወደ በሩ አየ። ስሙን የሆነ ቦታ የሰማው መሰለው፤ የት እንደሆነ ግን አልመጣለትም።

«እንጃ፣ እናቴ» አለና እንጀራውን በግራ እጁ ቆረሰ።