ስድስተኛው ቆርቆሮ

ስድስተኛው ቆርቆሮ ዝም ብሏል። አምስቱ ያወራሉ። ከየጀርባቸው ትንሽ ድምፅ ማጉያ ተለጥፏል፤ አንዱ ሕፃን ያባብላል፣ አንዱ ከጎረቤት ጋር ይጨቃጨቃል፣ ሁሉም በየራሱ ቋንቋ። ከስደተኞች ሰፈር ተነሥተው ለዐውደ ርእይ የተሰቀሉ የጣሪያ ቆርቆሮዎች ናቸው። ድምፁም በየቆርቆሮው ሥር የኖረው ሰው ድምፅ ነው።

«ጊዜ የለንም» አለ የአዳራሹ ኃላፊ። «ከአምስቱ የአንዱን ድምፅ ድገሚበት። ማን ያውቅብሻል?»

«እኔ አውቃለሁ» አለች ቀራፂዋ። «የአጎቴ ጣሪያ ነው። እሳቸው ካልተናገሩበት ዝም እንዳለ ይታያል።»

ከእሳቸው ጋር ድንበር ሲሻገሩ አራት ዓመቷ ነበር። ያሳደጓት አጎቷ ከዚያ ወዲህ የአገራቸውን ቋንቋ ከአፋቸው አላወጡም። ሦስት ጊዜ ድምፃቸውን ለመቅዳት ለመነቻቸው፤ ሦስቴም «ረስቼዋለሁ» አሏት። እሷ አንድ ቃል እንኳ አልያዘችም። ከሳቸው ሌላ የምትጠይቀው ዘመድ የላትም።

ከቀትር በፊት አጎቷ መጡ። ዕድሜያቸውን ጣሪያ ሲመቱ የኖሩ ሰው ናቸው። ለሚያወሩት ቆርቆሮዎች ጆሯቸውን አልሰጡም፤ የስድስተኛውን ምስማር አዩ።

«ይኼን ማን መታው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ጎድጓዳው ላይ? ውኃው በየት ሊሄድ ነው? ምስማር ጉብታው ላይ ነው የሚመታ። ከዚህ ሥር ከማደር ዛፍ ሥር ማደር ይሻላል።»

«አዳራሽ ውስጥ እኮ አይዘንብም።»

«አይዝነብ። የኔ ጣሪያ ነው ብለሽ ጽፈሽበት የለ? መዶሻ አምጪ።»

ሰጠቻቸው። ምስማሩን እየነቀሉ ከጉሮሯቸው አንድ ነገር ያጉረመርሙ ጀመር። ሦስተኛው ሲነቀል ገባት፤ ለእያንዳንዱ ምስማር አንድ ቃል፤ እየቆጠሩ ነው፣ በዚያ ቋንቋ። እጃቸው ሲሠራ አፋቸው የሚለውን አልሰሙትም።

ለእሳቸው ድምፅ ያዘጋጀችው ማይክሮፎን ቆርቆሮው ላይ ነው። ጣቷ የመቅጃው ቁልፍ ላይ ደረሰ። ድምፃቸው ቢሰረቅ ማንም አያውቅም። ጣቷን አነሣች።

«ጋሼ፣ እየቆጠሩ ነው። መቅጃው ዝግ ነው፤ ልክፈተው?»

ቆጠራው ተቋረጠ። ሽማግሌው የቀሩትን ምስማሮች ነቅለው ጨረሱ። አምስቱ ቆርቆሮዎች ማውራታቸውን አልተዉም።

ኃላፊው በሩን ከፍቶ «እንግዶቹ ደጅ...» ሲል፣ ሽማግሌው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ዝም አሰኙት። አዲስ ምስማር ጉብታው ላይ አቆሙ። ቁልፉን እስክትጫን ጠበቋት።

መዶሻውን አነሡና በዚያው ቋንቋ ከአንድ ጀመሩ።