የተነከሰችው ማዕዘን

ኤልዉድ ሃስከት የአባቱን የቤዝቦል ካርድ ለካርድ ነጋዴው ጓደኛው ለሬይፎርድ አደራ ብሎ የሰጠው ገና በረዶ ሳይጥል ነበር። ካርዱ ላይ ምስሉ ያለው ኦርሰን ቴትሎ የሚባል የድሮ ኳስ ወርዋሪ ነው፤ ቀለሙ ትናንት የታተመ ይመስላል። በአንዷ ማዕዘን ጫፍ ላይ ብቻ ከጤፍ ፍሬ የማትበልጥ ስርጉድ አለች። የነከሳት ራሱ ኤልዉድ ነው፣ ጥርስ ሲያበቅል። አባቱ እንግዳ በመጣ ቁጥር ካርዱን ከደረት ኪሱ አውጥቶ፣ "ይኸውላችሁ፣ የልጄ የመጀመሪያ ጥርስ" ይል ነበር። አሁን አባት አልፏል፤ የኤልዉድ ሴት ልጅ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት።

"እንዲህ እንዳለ ታሽጎ ለሚወለደው ልጅ ቢቀመጥ ብዬ ነው" አለው ያን ዕለት። "ጥራቱን መርምረው በቁጥር ደረጃ ለሚያወጡለት ሰዎች ይላክ ወይስ አይላክ? ይህን የምታውቀው አንተ ነህ።"

ሬይፎርድ በማጉያ መነጽሩ አየና ሳቀ። "እዚህ ጋ አይጥ እራቷን በልታለች እንዴ?"

"አይጧ እኔ ነኝ።"

"በል እንግዲህ አንተ አይጥ፣ ሌላው ምንም አይወጣለትም። ይቺ ማዕዘን ናት ጉድ የሠራችህ። እኔ ጋ ተወው፣ ረጋ ብዬ ልየው።"

ተወለት። በአንድ አግዳሚ ወንበር አብረው ሲዘምሩ ያረጁ ሰዎች ናቸው። የበረዶውን ወራት ሙሉ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ሬይፎርድ "እያየሁት ነው" ይላል፤ ኤልዉድም "አይዞህ፣ አልቸኮልኩም" ይለዋል።

ሣሩ ሲለመልም አንድ ቅዳሜ ኤልዉድ ወደ ሬይፎርድ ካርድ መሸጫ ጎራ አለ። ሬይፎርድ ቀና ብሎ ሳያየው ካርዱን ከነፕላስቲክ ማቀፊያው በመስታወቱ ጠረጴዛ ላይ ገፋለት።

"አትላከው።"

"ለምን?"

"ምን ያደርግልሃል? የማያውቁህ ሰዎች ቁጥር እንዲለጥፉበት? ቤትህ አስቀምጠው።"

ኤልዉድ ሲያነሳው ካርዱ ማቀፊያው ውስጥ ቀጭ አለ። ዘንበል አደረገው። ቀጭ። የዚያ ዘመን ካርድ ማቀፊያውን ሞልቶ ነው የሚቀመጠው፤ ድምፅ የለውም። አውጥቶ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ጣቱ የሚያውቃት ስርጉድ የለችም። ማዕዘኗ ሹል ሆናለች።

ከርካሽ ካርዶቹ ሳጥን የዚያኑ ዓመት ካርድ መዘዘና ከሥሩ አደረገው። በሁለት በኩል የታችኛው ካርድ ጠርዝ እንደ ክር ቀጥኖ ብቅ አለ።

"ቆረጥከው።"

"ኤል፣ ስማኝ እስቲ..."

"ግድግዳህ ላይ የጻፍከው ምንድን ነው?"

ሬይፎርድ አልዞረም። ጠርዙ የተቆረጠ ካርድ አንቀበልም የሚለውን በራሱ እጅ ነው የጻፈው።

"የፀጉር ያህል እኮ ነው! ደረጃው ከፍ ቢል ደስ ይልሃል ብዬ..."

"ልከኸዋል ማለት ነው።"

"መለሱት። ተቆርጧል ብለው ቁጥር ከለከሉት።"

"በማን ስም ነው የላክኸው?"

ሬይፎርድ ጨርቅ አንስቶ የጠራውን መስታወት መወልወል ጀመረ።

"በማን ስም፣ ሬይ?"

"በእኔ።"

ጌታ ሆይ፣ አፌን ያዝልኝ አለ ኤልዉድ በልቡ። ሌላ ቀን ጮክ ብሎ ቢጸልየው ሬይፎርድ ራሱ "አሜን" ይለው ነበር። ኤልዉድ፣ "ቁራጩስ?" አለ።

"የምን ቁራጭ?"

"የጥርሴ።"

"ኧረ ኤል... ያኔውኑ ተጠርጓል።"

ኤልዉድ ካርዱን እንዲሁ ራቁቱን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና ወደ በሩ ሄደ።

"ማቀፊያውን ያዝ እንጂ! እንዲያ ይዘኸው ስትዞር ይበላሽብሃል!"

ኤልዉድ የበሩን እጀታ እንደያዘ ዞረ።

"ከማን ልጠብቀው?"