«ፍሬን እምቢ አለኝ በይልኝ»

ሾፌሩ ወልደሰንበት ወደ መኪናው ሲመለስ ጣቢታ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር፤ አረቄው ከሩቅ ሸተታት። ፊያት የጭነት መኪናው ከሺንሺቾ ዝንጅብል ጭኖ፣ በጭነቱ ላይ ደግሞ ሰው አሳፍሮ ወደ ሆሳዕና የሚሄድ ነው። ወልደሰንበት ዱራሜ ላይ «አፌን ሻር አድርጌ ልምጣ» ብሎ ወዳጁ ሰርግ ቤት ገብቶ ተሳፋሪውን ፀሐይ ላይ አስጥቶት ቆይቷል። አሁን ዓይኑ ደም መስሏል፤ የጋቢናውን እጀታ ስቶ ስቶ ነው የያዘው።

«ጋሼ ወልደሰንበት፣ ትንሽ ጋደም ቢሉ አይሻልም?» አለችው።

«ምን ሆኜ?»

«ጠጥተዋል።»

ከት ብሎ ሳቀ። «ሰርግ እኮ ነው! አንድ ሁለት ብቀምስ መንገዱ ይጠፋኛል? ይኼን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምነዳው።»

ጆንያው ላይ የተቀመጡትም አብረውት ሳቁ። «ተዋት፣ ጴንጤ ናት፤ ለእሷ ጠላም ኃጢአት ነው» አለ አንዱ።

ባሏ ተረፈ ከላይ ሆኖ አንገቱን ደፋ። «ጣቢታ፣ በሰው ፊት አታዋርጂኝ። ነይ ውጪ።»

«አልወጣም። አንተም ውረድ።»

«ዝንጅብሌን ለማን ጥዬ?»

ወዲያው መኪናው ተንደርድሮ ሄደ፤ አቧራውን አልብሷት።

በእግሯ ተከተለች። መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ቆይታ ግን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ እየተጣደፈች። «ምን ነበር ባሌን እግሩን ይዤ ብጎትተው?» ትላለች። ወዲያው ደግሞ፣ «ደህና ገብቶ ማታ ጎረቤት ሰብስቦ ቢስቅብኝስ?» ትላለች። ይሳቅ። ዕድሜ ልኩን ይሳቅባት፣ ብቻ ይግባ። መንገዱ በታጠፈ ቁጥር ልቧ ይቆማል፤ ባዶ ሆኖ ስታገኘው ትተነፍሳለች፤ እንደገና ሌላ መታጠፊያ ይመጣል። ከፊት ለፊት የሚመጣውን መንገደኛ ሁሉ «ፊያት አይታችኋል?» ትላለች። «እንደ እብድ ሲከንፍ አለፈን» አሏት።

ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ስትደርስ ኡኡታ ሰማች።

መኪናው እንሰት ማሳ ውስጥ በጎኑ ተኝቷል። ዝንጅብሉ መንገዱን ሞልቶታል። ጠና የሚባሉ የአካባቢው ገበሬ ጊደር እየነዱ ከገበያ ሲመለሱ ነበር የገጫቸው፤ እሷ ስትደርስ ሬሳቸውን ጋቢ አልብሰውታል። ተረፈ አንድ እንሰት ተደግፎ ተቀምጧል፤ እግሩ ከጉልበቱ በታች ወደማይሆን አቅጣጫ ዞሯል። ተንበርክካ ፊቱን ዳሰሰችው። «አለሁ» አላት።

ወልደሰንበትን እሾህ እንኳ አልነካውም። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ራሱን ይዟል። ስካሩ በርሮ ጠፍቷል።

የገበሬ ማኅበር ጥበቃዎች ጠመንጃ አንግተው ደረሱ። «ምን ሆኖ ነው?» ሲሉ «ፍሬን ነው!» አለ ያ ሲስቅባት የነበረው። ሌሎቹም ተቀበሉት። ወልደሰንበት ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሕመምተኛ ሲያገኝ በነጻ የሚጭን፣ ለቀስተኛ የሚያደርስ ሰው ነው። አዘኑለት።

እሱም ወደ ጣቢታ ጠጋ አለ። «እህቴ፣ ልጆች አሉኝ። ፍሬን እምቢ አለኝ በይልኝ። በማርያም!»

«ዝም በይ» አለ ተረፈም ጥርሱን ነክሶ። «የሞተ አይመለስም።»

በዚህ መሀል የጠና ልጅ ማሳውን አቋርጣ እየጮኸች መጣች። ጋቢውን ገልጣ አባቷን ስታይ ጩኸቷ ቀጥ አለ። ጣቢታ ያንን ዝምታ አልቻለችውም።

«ሰክሮ ነበር» አለች። «ዱራሜ ላይ ነግሬዋለሁ። እነዚህም ሰምተዋል።»

እጁን አስረው ወሰዱት።

ከዚያ በኋላ የምትኖርባት ሆሳዕና ለጣቢታ ጠበበቻት። ሰው ሁሉ ሰላምታ ነፈጋት። የወልደሰንበት ሚስት ከበቡሽ ደጇ ድረስ መጥታ «ልጆቼን ያለ አባት ያስቀረሽው አንቺ ነሽ!» ብላ ጮኸችባት። ቤት ውስጥም ሰላም የለም። ተረፈ እግሩ አጥሮ ዳነ፤ ነገር ግን ግድግዳ ግድግዳ እያየ ይውላል፤ እሷ ስትገባ ይወጣል። ሌሊት ስትገላበጥ እሱም ሲገላበጥ ትሰማዋለች። ምነው ዝም ባልኩ የምትልበት ቀን ነበር። ያቺ ልጅ ትዝ ስትላት ደግሞ ትተወዋለች።

አውራጃው ፍርድ ቤት ጉዳዩ በቀረበ ቀን ተሳፋሪው ሁሉ እየተነሣ «ፍሬን» አለ። መጨረሻ ተረፈ ተጠራ። በምርኩዙ ቆመ፤ ጣቢታ ዓይኗን ጨፈነች።

«ሸቶኝ ነበር» አለ። «ከእሷ በፊት ሸቶኛል። ዝም ያልኩት ሰው እንዳይስቅብኝ ብዬ ነው።»

ዳኛው ወደ ወልደሰንበት ዞሩ። «ልክ ነው» አለ እሱም ቀና ሳይል። «አረቄው ነው የነዳው።» የብዙ ዓመት እስራት ተፈረደበት።

ውጭ ሲወጡ ተረፈ ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ ትቶ ሌላውን ያዘ።

«የት ነው?» አለችው።

«ከበቡሽ ቤት።»

«ታባርረናለች።»

«ታባርረን። ልጆቹ ብቻቸውን አይቅሩ።»

ከበቡሽ በሩን አልከፈተችላቸውም። ሂዱም አላለቻቸውም። ከውስጥ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል። ተረፈ ምርኩዙን አጥሩ ላይ አስደገፈና የጣቢታን ትከሻ ያዘ። ደጁ ላይ ቆሙ።