የቬርነር የመጨረሻ ተማሪ

ልጄን ሁዳን ለቬርነር የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ መጀመሪያ የምናደደው በራሴ ነው።

ሰውየውን ያገኘሁት በሹፍርና ሥራዬ ነው። አትላንታ ዳር ደንዉዲ ከሚባል ሰፈር፣ ከሐኪም ቤት፣ ታከር የሚባል ሰፈር ወዳለው ቤቱ ስመልሰው፣ የቫዮሊን ሳጥኑን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ሳልጠይቀው ሕይወቱን ነገረኝ። ጀርመናዊ ነው። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የነበረውን የባሮክ ሙዚቃ በዚያው ዘመን ዓይነት ቫዮሊን ይጫወታል፤ ክሩ የበግ አንጀት ነው፣ ቅኝቱም ከዛሬው ግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላል። አገሩ ሳለ በየከተማው ዞሮ ተጫውቷል፣ ሸክላም አስቀርጿል። ወደ አትላንታ ያመጣው አንድ ኮሌጅ ነው፤ ኮሌጁ ብዙም ሳይቆይ ትምህርቱን ዘጋው። ያቋቋመው ቡድን ተበተነ። ተማሪዎቹም አንድ በአንድ ወደ ሌላ አስተማሪ ሄዱ። ሲያወራው ጥፋቱ የዓለም እንጂ የእሱ አይመስልም፤ እኔም ሞኙ አዘንኩለት። ሁዳ ያኔ አስራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ቫዮሊን ካልተማርኩ እያለች ታስቸግረናለች።

አምስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከምንኖርበት ከስኮትዴል ወደ ቤቱ አመላለስኳት። ከሌሎች ልጆች ጋር እንዳትጫወት ከለከላት፤ ጆሮዋ ይበላሻል አለ። ባለቤቴ ዙህራ ነገሩ አልጣማትም። ልጅ እንዴት ከአንድ ሽማግሌ በቀር ሌላ ሳትሰማ ታድጋለች፣ ሂድና ጠይቀው ብላ ነዘነዘችኝ። እኔ ግን ወሎ ያደግኩ ሰው ነኝ። እኛ ዘንድ ልጁን ቁርዓን ለሚያስቀራ ዑስታዝ የሰጠ አባት ለምን እንዲህ ታስተምራለህ ብሎ አይጠይቅም፤ ነውር ነው። ቬርነርንም እንደ ዑስታዝ አከበርኩት። ለዒድ ምግብ ይዤለት ስሄድ እንኳ በር ላይ ሰጥቼው እመለስ ነበር።

በ2016 አንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት በነጻ ሊያስተምራት አስቦ፣ ተጫውታ እንድትፈተን ለኦዲሽን ጠራት። ሁዳ ሌላ ቦታ አላመለከተችም፤ ሌላ ነገርም አልፈለገችም። ቅኝቱስ እንዴት ይሆናል ብላ ስትጠይቀው ቬርነር የዚያን ቀን ክሩን ትንሽ ከፍ ማድረግ ብቻ ነው፣ አትጨነቂ አላት።

በኦዲሽኑ ቀን በሩ አጠገብ ቆሜ ሰማሁ። ከፒያኖው ጋር ለማስማማት ክሩን ስታከረው ተበጠሰ። ደግ ሰዎች ናቸው፣ ሌላ ቫዮሊን አዋሷት። ጉዱ የመጣው ያኔ ነው። ጣቶቿ የሚሄዱት ጆሮዋ ወደለመደው ድምፅ ነው፤ ፒያኖው ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። ሦስት ጊዜ ጀመረች፣ ሦስት ጊዜ አቆመች። ስለ ሙዚቃ ምንም የማላውቀው እኔ እንኳ አንገቴን ደፋሁ። አመስግነው ሸኟት።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ቬርነር ቤት ነዳሁ። ሁዳ መኪና ውስጥ ቀረች። አምስት ዓመት የዋጥኩትን ጥያቄ ጮክ ብዬ ጠየቅኩት፤ ይህ እንደሚመጣ ያውቁ ነበር ወይ አልኩት። ይክዳል ብዬ ነበር።

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ» አለኝ። «ለሌሎቹ ተማሪዎች ነግሬያቸው ነበር። ሁሉም ሄዱ።»

እንዲህ የተናደድኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሰውየው ግን ወንበሩን ተደግፎ ነው የቆመው፤ ምኑን እሰድበዋለሁ። በሩን ሳልዘጋው ወጣሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁዳን ቫዮሊኗን ይዛ ሳሎን ቆማ አገኘኋት። ሌላ አስተማሪ እፈልግልሻለሁ፣ ሁለተኛ እዚያ ቤት አትረግጪም አልኳት።

«አባዬ፣ ትራይ አድርጌያለሁ» አለችኝ። «ዊኩን ሙሉ ሌሎች ቫዮሊን ተጫዋቾችን ስሰማ ነበር። ሁሉም ሮንግ ነው የሚመስለኝ። ልክ የሚሆነው እሱ ጋ ብቻ ነው።»

የመኪናዬን ቁልፍ አነሳሁ። ታከር አደረስኳት። እሷ አስራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ቬርነር ሰማንያ ሦስት።