ማዕሰራ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላይ የድሮው የሰሊጥ ዘይት መጭመቂያ የነበረበት ሰፈር አሁንም «ማዕሰራ» ይባላል፤ በዓረብኛ መጭመቂያ ማለት ነው። ፋብሪካው ከተዘጋ ቆይቷል። የቀሩት ረጅሙ ጭስ ማውጫና የብረት በሩ ናቸው፤ እነሱንም የሃና አባት ጋሽ አየነው ይጠብቃሉ።

ያረጋል ሃናን ለማግባት ሽማግሌ ከመላኩ በፊት አባቷን ሊተዋወቅ ከመተማ መጣ። ካልወደዱት ነገሩ አበቃ። ዓረብኛ አያውቅም። አንድ ሐበሻ ባለሱቅ ቢጠይቅ «ጋሽ አየነው? ማዕሰራ ናቸው» አለው። በያረጋል ጆሮ ውስጥ ቃሉ እስር ቤት ሆኖ ገባ። ደንግጦ ዳቦና ሙዝ ገዝቶ ሄደ። ሰውየውም እውነትም ከብረት በሩ ኋላ ቁጭ ብለዋል።

«ያረጋል ነኝ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «እግዜር ያስፈታዎ፣ ጋሼ።»

«ከማን? ከሚስቴ?»

ሚስታቸው ውባየሁ ከጓሮ ሰምተው «አሜን በል እንጂ፣ አንተ ሰውዬ» አሉ።

ያረጋል ዳቦና ሙዙን ወደ በሩ ዘረጋ። «እኔማ ታስረዋል ብዬ ነው። ስንቅም ይዣለሁ።»

ጋሽ አየነው ነገሩ ሲገባቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። ዳቦውን ተቀብለው በሩን ከፈቱለት።

«ሽማግሌህን ላክ» አሉት። «እዚህ አገር ሰው መቼ እንደሚታሰር አይታወቅም፤ ስንቅ የሚያመላልስ አማች ያስፈልገኛል።»